የንጋት ሆቴል ታፔላ

ኬንት፣ ዋሽንግተን
ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለጋሼ ፍቅረ ሥላሴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ ቀጥሎ ወገብዎን፣ ከዚያም መላው ሞጆን እጠይቃለሁ። እኔ፣ ባለቤቴ ሩሐማና ልጃችን ሃሴት ደኅና ነን፤ ከዝናቡ በቀር የምናማርረው የለም። ስልክ እያለ ደብዳቤ የምጽፍበት ምክንያት ለሩሐማ አይገባትም። «ድምፅ በኖ ይጠፋል፤ ፊደል ይቀመጣል» የሚል አጎት እንዳለኝ ነግሬአታለሁ። ይቺን ወረቀት ኦቴሎ በሚባል ሰፈር የሐበሻ ሱቅ ያለው ሙሉአለም ወደ አገር ቤት ለሚሄድ ሰው ይሰጥልኛል።

ባለፈው «ሥዕል የምትለው ምን ዓይነት ሥዕል ነው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ሳልመልስ የቆየሁት አፍሬ ነው። ቀን ቀን ሲያትል ውስጥ ሶዶ በሚባል ሰፈር፣ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚሉትን ዕቃ ማንሻ መኪና እነዳለሁ፤ የተረፈኝን ሰዓት ሁሉ ጋራዣችን ውስጥ ገብቼ የምሥለው፣ ይመኑኝ፣ ታፔላ ነው። ከሲያትል ወደ ሰሜን የሚወጣ ኦሮራ የሚሉት የድሮ አውራ ጎዳና አለ። ፈጣኑ መንገድ ሳይሠራ በፊት አገር አቋራጭ መኪና ሁሉ በዚያ ነበር የሚያልፈው። ዳርና ዳሩ ላይ ስድሳ ሰባ ዓመት የቆሙ የሞቴል ታፔላዎች አሉ፤ ፊደላቸው ኒዮን በሚሉት የሚበራ የመስታወት ቱቦ የተሠራ፣ ባለ ቀስት፣ ባለ ኮከብ፣ ወደ ገንዳ የምትወረወር ዋናተኛ ያለችበትም አለ። አንዱ ሞቴል ፈርሶ ታፔላው ብቻውን ቆሞ ቀርቷል፤ «ባለ ቀለም ቴሌቪዥን አለን» ይላል እስካሁን።

እነዚህን ፎቶ አነሣና ፎቶውን በካሬ በካሬ ከፋፍዬ፣ አንዱን ካሬ ጨርሼ ብቻ ወደ ሌላው እየሄድኩ፣ በዘይት ቀለም ሸራ ላይ እገለብጣቸዋለሁ። ዝገቱን፣ የተሰበረውን ቱቦ፣ ርግብ የጣለችበትን ሳይቀር። ያላየሁትን አልጨምርም፣ ያየሁትን አልቀንስም፤ ሕጌ ይቺው ናት። ሙሉአለም አንዱን አይቶ «ኦኬ፣ ፎቶው አሪፍ ነው፣ ሥዕሉ ታዲያ የታለ?» አለኝ። ለእኛ ሙያ ከዚህ በላይ ምስጋና የለም።

አሁን ወደ ልመናዬ ልግባ። ሊንዳ የምትባል ሴት ከተማው መሀል የሥዕል ማሳያ ቤት አላት። በሚመጣው ሰኔ ሥራዬን ልታሳይልኝ ቃል ገብታለች፤ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዬ ነው። ስምንቱ ሥዕል አልቋል። «ዘጠነኛውን ከአገርህ መንገድ ዳር አምጣልኝ» ስትለኝ አንድ ደቂቃ አላሰብኩም። የወይዘሮ ከብረት ንጋት ሆቴል! እርስዎ ፊደሉን የጻፉበት፣ አስመሬው ኢሳቅ ቱቦውን በእሳት ያጠፈለት፣ አናቱ ላይ አውራ ዶሮ ያለበት ታፔላ። ከዚያ ወዲህ ፀሐይና አቧራ ምን እንዳደረጉት ባየሁ! መንገዱ ሲሰፋ ይነሣል ሲሉም ሰምቻለሁ። እባክዎን ሳይነሣ በፊት፣ የፎቶ ቤቱ እዮብ አሁን እንዳለ ያንሣልኝ።

ልጅዎ እሴይ


ሞጆ
ኅዳር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ እሴይ፤

ሰላምታዬ ያን ሁሉ ውሃ ተሻግሮ ይድረስህ። ለሩሐማና ላላየኋት ለሃሴትም እንዲሁ። የእመቤታችን ጥላ አይለያችሁ። ስለ ወገቤ ጠይቀሃል፤ ሰባ ሦስት ዓመት ስለተሸከመኝ ይመስገን እንጂ ሌላ ምን እለዋለሁ? ፊደሌ ተልቆ ብታየው ወረቀቱ ሰፊ ስለሆነ ነው።

ደብዳቤህን አንብቤ ሳቅሁም፣ ተናደድሁም። ሃምሳ ዓመት ታፔላ ስጽፍ አንድ ሰው «ሠዓሊ» ብሎኝ አያውቅም፤ ታፔላውን በፎቶ አይቶ የሚገለብጠው ግን ሠዓሊ ተባለ! ይሁን፣ ከቤት አልወጣም። ያልገባኝ ዝገቱ ነው። አሜሪካ ድረስ ሄደህ የምትሥለው የተሰበረ መብራት ነው? አዲስ ጠፋ? ባለቤቶቹስ አይቀየሙህም? ሰው ቤት በእንግድነት ገብቶ የተቀደደ ፍራሹን እየሣሉ መውጣት ነውር አይደለም? «ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» ይባላል። መሰላል ይዘህልኝ ስትቆም ምን ነበር የምልህ? ፊደል ከተንጋደደ ባለሱቁ ሚዛን ያጎድላል ይሉታል። ቀለም ከተላጠማ ጭራሽ ደጁንም አይረግጡት።

የሆነው ሆኖ ፎቶውን አስነሥቻለሁ። ወይዘሮ ከብረት ጥለት ነጠላዋን ለብሳ፣ እኔም ለሠርግህ ያሰፋሁትን ሙሉ ልብስ ለብሼ፣ ከታፔላው እኩል እንድንሆን አግዳሚ ወንበር ላይ ቆምን። ሰው የሌለበት ፎቶ ለመሬት ካርታ ነው የሚሆነው። እዮብ ሁለት ጊዜ አነሣን።

ሰው የሚመጣ ከሆነ ሁለት ጣት ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ብሩሽ ላክልኝ። እዚህ ያለው ጠጉሩ እየረገፈ አስቸገረኝ።

አጎትህ ፍቅረ ሥላሴ


ኬንት
ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ፤

መጪውን ልደት በጤና ያድርስዎ። ፎቶው ደረሰኝ፤ አምሮብዎታል፤ ሩሐማ በፍሬም አድርጋ ሳሎን ሰቅላዋለች። ሃሴትም «ሂ ሉክስ ላይክ ኤ ፕሬዝዳንት» ብላለች፤ ፕሬዝዳንት ይመስላል ማለቷ ነው።

ግን ጋሼ፣ የሚሣል ነገር የለውም። የእርስዎ ራስ «ጋ»ን ሸፍኗል፤ የወይዘሮ ከብረት ነጠላ «ሆ»ን ከነጭራሹ ውጦታል። አውራ ዶሮው ከአንገቱ በላይ ተቆርጧል። ሁለት ወር ጠብቄ ያገኘሁት ሁለት የማከብራቸውን ሰዎች ነው እንጂ ታፔላውን አይደለም። እንዳይቀየሙኝ፤ ተስፋ ስለቆረጥኩ ነው እንዲህ የምጽፈው።

ስለ ዝገቱ ላስረዳዎት። እኔ በማንም ላይ አላፌዝም። አንድ ታፔላ ሃምሳ ዓመት መንገድ ዳር ቆሞ ሲያረጅ፣ ዝናቡም፣ ፀሐዩም፣ ከጂቡቲ የመጣው ከባድ መኪና የረጨው ጭቃም ፊቱ ላይ ይጻፋል። እኔ የምሥለው ያንን ነው። ታጥቦና ተቀብቶ ቢመጣ ለኔ ዋጋ የለውም። ሊንዳም ከያንዳንዱ ሥዕል አጠገብ ዋናውን ፎቶ ስለምትሰቅል ተመልካቹ አንዱን ከአንዱ ያስተያያል፤ ማታለል አይቻልም።

ስለዚህ እዮብ ብቻውን ይሂድ። ከፊት ለፊት፣ ጠዋት፣ ሰው ሳይገባበት ያንሣው። እርስዎ ምንም እንዳይነኩት፤ አቧራውን እንኳ እንዳይጠርጉት። በምንም በምን እንዳይደክሙ። እስከ ሰኔ አሥር ሥዕሉን ካላስረከብኩ ዘጠነኛው ቦታ ባዶ ይቀራል። ብሩሹን ልኬአለሁ፤ ሁለት ነው፣ አንዱ ለመለዋወጫ።

ልጅዎ እሴይ


ሞጆ
የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ እሴይ፤

እንዴት ከረምህ? ሚስትህ፣ ልጅህ፣ ጉልበትህ እንዴት ነው? ዝም ያልሁህ ረስቼህ አይደለም፤ ሥራ ላይ ነበርሁ። ብሩሾቹ ደርሰውኛል። እንዲህ ያለ ጠጉር በዕድሜዬ አልያዝሁም፤ እጅህ ይባረክ።

እንግዲህ ደስ ይበልህ። «ምንም እንዳይነኩት፣ እንዳይደክሙ» ያልኸው ገብቶኛል። የማን ልጅ እንደሆንህ አውቃለሁ፤ እናትህም ተርባ «በልቻለሁ» የምትል ሴት ነበረች። አጎቴ በዚህ ዕድሜው መሰላል ላይ አይውጣ ብለህ በይሉኝታ የጻፍኸውን፣ እኔ ደግሞ «እሺ» ብዬ ብቀመጥ ምን አጎት እባላለሁ? የኔ እጅ ያረፈበት ሥራ ዝገቱን ይዞ አሜሪካን ሕዝብ ፊት አይቆምም።

በብርጭቆ ወረቀት አራት ቀን ፈገፈግሁት። የተሰባበረውን ቱቦ ነቅዬ ጣልሁት። መደቡን ሰማያዊ፣ ፊደሉን ነጭ፣ ዶሮውን ቀይ አድርጌ እንደ መጀመሪያው ቀን አደስሁት። ወይዘሮ ከብረት አለቀሰች። እዮብ ልክ አንተ እንዳልኸው ጠዋት፣ ከፊት ለፊት፣ ሰው ሳይገባ አነሣው፤ እነሆ ፎቶው። ባነሣው በሳምንቱ ሠራተኞች መጥተው ታፔላውን ነቀሉት፤ ብረቱ ለቁራሊዮ ሄደ። እንኳን ቀደምናቸው!

ሌላ ብሩሽ አልፈልግም። ይልቅ ራስ ላይ የሚታሰር፣ ባለ መብራት ማጉያ መነጽር አለ አሉ። ለእዮብ ነው፤ ሰዓት መጠገን ጀምሯል።

አጎትህ ፍቅረ ሥላሴ


ኬንት
መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ፍቅረ ሥላሴ፤

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ሰላምታ ማስረዘም ስላልቻልኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ምን አደረጉኝ? ይሉኝታ አልነበረም! እዚህ አገር ሰው «አትንኩ» ሲል አትንኩ ማለቱ ነው፤ እኔም እንደዚያው ማለቴ ነበር። ሃምሳ ዓመት የሠራውን ነገር በአራት ቀን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው ጣሉት። የኢሳቅን ቱቦ ነቅለው ጣሉት! አሁን የደረሰኝ ትናንት የተቀባ ቆርቆሮ ነው፤ ይህንንማ ኬንት አደባባይ ላይ አዝዤ አሠራው ነበር። ብረቱም ቀልጧል፤ እንደገና ላንሣ ብል የለም።

እውነቱን ልንገርዎት? ለኔ ብለው አይደለም ያደሱት። ለራስዎ ስም ብለው ነው። አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ የተባሉትን ቢያደርጉ ምን ነበረበት?

ማጉያውን ለእዮብ ከገበያ ይግዙለት። እኔ አሁን መነጽር የምመርጥበት ልብ የለኝም።

እሴይ


ኬንት
ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎት አጎቴ፤

ትንሣኤ አለፈ፣ ዳግማ ትንሣኤም አለፈ፣ ከእርስዎ ቃል አልመጣም። ሁለት ጊዜ ስልክ ደወልኩ፤ አይነሣም። ሙሉአለምን በሄድኩ ቁጥር ከማስቸገሬ የተነሣ ዛሬ በሩን ገና ስከፍት «የለም ወንድሜ፣ ቢመጣ ኮል አደርግልህ የለ?» አለኝ።

ሌላ ፎቶ ስላልነበረኝ፣ ሲደርሰኝ ከንዴት የተነሣ በወጉ ያላየሁትን የእርስዎን ፎቶ መሣል ጀመርኩ። ሸራውን በካሬ ከፈልኩ፣ ፎቶውንም እንዲሁ። የሥራዬ ጠባይ ነው፤ ሙሉ ምስሉን ሳይሆን አንዲቷን ካሬ ብቻ ነው የማየው፤ የቀረውን በወረቀት እሸፍነዋለሁ። በአሥራ አንደኛው ቀን «ቴ» ላይ ደረስኩ። እግሯ መስመሩን አልነካም። «ን» መስመሩ ላይ ቆማለች፣ «ት» በጣት ከፍ ብላለች፣ «ል» አንድ ሙሉ ካሬ ወጥታለች። የእዮብ ካሜራ ተንጋዶ ነው ብዬ የታፔላውን የብረት እግሮች ለካሁ። ብረቶቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ሰማያዊው መደብ ደግሞ ከ«ሆ» ወዲያ አረንጓዴ ነው፤ ብሩሹ ሌላ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ነው የተነከረው። በመጨረሻ የዶሮውን ራስ ገለጥኩት። ዓይኑ ከራሱ ውጭ ነው ያለው ጋሼ። ነጩ ነጥብ አየር ላይ ነው።

ብሩሼን አስቀምጬ ደብዳቤዎችዎን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። የዛሬ ሦስት ዓመቱ እንደ ማተሚያ ቤት ሥራ ነው። የኅዳሩ ፊደል ተልቋል፤ የየካቲቱ መስመር ወደ ታች ይወርዳል፣ ሁለት ቦታ አንዱ መስመር በሌላው ላይ ተጽፏል። እኔ ገንዘቤም ሕይወቴም ማየት ነው እያልኩ፣ ስምንት የአሜሪካ ታፔላ እስከ ሚስማሩ ቆጥሬ፣ ይህንን አላየሁም። ማጉያውን ለማን እንደጠየቁኝም አሁን ነው የገባኝ።

በመጋቢት የጻፍኩትን ይቅር ይበሉኝ። ግን ደግሞ ተቆጥቻለሁ፤ ለምን አልነገሩኝም? እንዲህ ሆነው መሰላል ላይ ወጡ? ዓይንዎን ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምዎት?

ልጅዎ እሴይ


ሞጆ
ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ እሴይ፤

አምላከ አብርሃም ከነቤተሰብህ ይጠብቅህ። መስመሬ ቀጥ ብሎ ካየኸው አትደነቅ፤ ካርቶን በስንጥቅ በስንጥቅ ቆርጬ ወረቀቱ ላይ ጭኜ ነው የምጽፈው። ፊደሉንማ እጄ ያውቀዋል።

ግራው ዓይኔ ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል። ቀኙ በፀሐይ ጥላ ጥላ ያሳየኝ ነበር። ሐኪሙ ሞራ ቢሆን ይገፈፍ ነበር፣ ይኼ የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው አይመለስም ብሎኛል። ስለዚህ ወዲያ ወዲህ እንዳትል፤ ገንዘብም እንዳትልክ። ለምን አልነገሩኝም ትላለህ። ታፔላ ጸሐፊ ዓይኑ ጠፋ ከተባለ ምን ይቀረዋል? አንተም ስልክ በደወልህ ቁጥር «ጋሼ ዓይንዎ» ልትለኝ ነው። እኔ «ጋሼ ፊደልዎ» ስትለኝ ነው የሚሻለኝ።

ክፉው ነገር ሌላ ነው። የመጋቢቱን ደብዳቤ ማንበብ ስላቃተኝ ለእዮብ ሰጠሁት። ፎቶ ቤቱ ውስጥ፣ ሰው ተቀምጦ እያለ፣ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። «ለራስዎ ስም ብለው ነው» የሚለው ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ቀጥል አልሁት። ስልኩን ያላነሣሁት ለዚህ ነው። ቂም አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ለስሜ ብዬ ነው ያደስሁት፤ የመጨረሻዬ እንደሆነ አውቄ ነበር። ብሩሹንም ለዚያ ነው የለመንሁህ።

ግን ተንጋዷል አልኸኝ። ማንም አልነገረኝም። ወይዘሮ ከብረት ያለቀሰችው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ፤ እዮብም አምሯል ነው ያለኝ። አንተ ብቻ ነህ የነገርኸኝ። እኔ ፊደል አጋድሜ አላውቅም፣ እሴይ! በዚያች ታፔላ ስሜ ካልታደሰ ከነዝገቱ ቢቀር ይሻል ነበር።

አንድ ነገር ልለምንህ፤ ሌላ አልለምንህም። አቅናልኝ። ሕግህን አውቃለሁ፤ ያላየኸውን አትጨምርም። ለኔ አንድ ጊዜ ጨምርልኝ። የዶሮውንም ዓይን ወደ ቦታው መልስልኝ።

አጎትህ ፍቅረ ሥላሴ


ኬንት
ሰኔ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለጋሼ ፍቅረ ሥላሴ፤

ይህችን ደብዳቤ እዮብ ከሆነ የሚያነብልዎ፣ ወንድሜ እዮብ፣ በሩን ዘግተህ ለእሳቸው ብቻ አንብብ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ማስረከቢያው ሦስት ቀን ሲቀረው ነበር። ሥዕሉ አልቆ ነበር፤ ጠማማው ከነጠማማነቱ፣ አረንጓዴው ከነአረንጓዴነቱ። ሊንዳ የሥዕሉን ፎቶ በስልክ ልኬላት «ከዘጠኙ የምወደው ይሄን ነው፣ ፊደሎቹ ወደ ሰማይ እየሄዱ ነው» ብላኝ ነበር። ሠርቼ ከማውቀው ሁሉ እኔም እሱን ነበር የወደድኩት። ስለዚህ ልመናዎን ሳነብ አዘንኩ፣ ተናደድኩም። አንድ ጊዜ እንዳይነኩብኝ ለመንኩ፤ እርስዎ ግን ሁለት ጊዜ ነኩብኝ።

ሁለት ቀን ከሥራ ቀረሁ። ቀለሙን ፍቄ፣ እንዳስተማሩኝ ሲባጎ ኖራ ውስጥ ነክሬ፣ አንዱን ጫፍ ሃሴት ይዛልኝ፣ ሸራው ላይ መስመር መታሁ። «ባባ፣ ፎቶው ላይ እኮ ክሩክድ ነው፣ ዋይ አር ዩ ቼንጂንግ ኢት?» አለችኝ፤ ጠማማውን ለምን ትቀይረዋለህ ማለቷ ነው። «የጻፈው ሰውዬ አጋድሞ አያውቅም» አልኳት።

ሊንዳ ሥዕሉን ከፎቶው ጎን አቆመችና ረጅም ጊዜ አየችው። «ይሄ ፎቶውን አይመስልም» አለችኝ። አይመስልም አልኳት። እስከ ነገ መልሰው፣ ካልሆነ ልሰቅለው አልችልም አለችኝ። አልመልሰውም አልኳት። ሰኔ ሃያ ቀን ስምንቱ ሥዕል ብቻ ተሰቀለ፤ ሰው መጣ፣ ወይን ጠጣ፣ የኦሮራን ዝገት አደነቀ። ዘጠነኛው ሚስማር ባዶውን ነበር። አልቆጨኝም ብል ውሸት ነው፤ በየቀኑ ይቆጨኛል።

ሥዕሉ አሁን ቤታችን ነው፤ ከሠርግ ልብስዎ ፎቶ አጠገብ ሰቅለነዋል። ጋሼ፣ አያዩትም። ጠማማውን ትቼው «አቅንቼዋለሁ» ብልዎ ያምኑኝ ነበር፤ እዮብም አያጋልጠኝም ነበር። እዚህ ስጽፍልዎ ውሃ ልኩን ከጋራዥ አምጥቼ ፊደሎቹ ሥር ይዤዋለሁ፤ አረፋዋ መሀል ላይ ቆማለች። ከ«ን» እስከ «ል» ቀጥ ብሏል። የዶሮውም ዓይን ቦታው ገብቷል።

ልጅዎ እሴይ